በዓይን ፈንታ መዳሰሻ ሲበቅል፣ ስሕተቱ የማን ነው?

እንሽላሊት ጠላት ሲይዛት ጅራቷን ጥላ እንደምትሸሽ የማያውቅ በመካከላችን አይገኝም። የተጣለው ጅራት መሬት ላይ ሲንፈራገጥ ድመቷ በእርሱ ስትታለል፣ ባለቤቲቱ ከግድግዳው ስንጥቅ ገብታ ትድናለች። ቀስ በቀስም አዲስ ጅራት ይበቅልላታል። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ደስ ይለናል፤ የጠፋ ነገር ሲተካ ማየት የሰው ልብ የሚወደው ነገር ነውና። ዳሩ ግን ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያስተውሉት ሌላ ነገር አለ። ጅራቷ ሙሉ በሙሉ ሳይቆረጥ ተሰብሮ ብቻ የቀረ እንደ ሆነ፣ ከስብራቱ ጎን ሁለተኛ ጅራት ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለችው እንሽላሊት እንደ መንሽ የተሰነጠቀ ጅራት እየጎተተች ትኖራለች።

በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄም ከዚሁ የሚነሣ ነው። አካል የጠፋበትን ሲተካ፣ የተተካው እንደ ቀድሞው ሳይሆን ቢቀር፣ አልፎ ተርፎም ጨርሶ ሌላ ነገር ቢሆን፣ ይህ መዳን ነው ወይስ መበላሸት? ስሕተት ነው ካልንስ የተሳሳተው ማን ነው? ጥያቄው ለሥነ ሕይወት ተማሪዎች ብቻ የሚተው የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። «ይህ ደኅና ነው፤ ይህ ግን ጉድ ነው» እያልን በአንድ ፍጥረት ላይ የምንሰጠው ፍርድ፣ ከእንስሳ ወደ ሰው ለመሻገር ረጅም መንገድ አይጠይቀውም።

በመጀመሪያ «ደኅና በቀለ» የምንለውን ጅራት ራሱን እንመልከት። በቀድሞው ጅራት ውስጥ የአከርካሪ አጥንቶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰክተው ይገኛሉ። በአዲሱ ጅራት ግን እነዚህ አጥንቶች የሉም፤ በቦታቸው እንደ ጆሯችን ያለ ለስላሳ አጥንት ወጥ ቱቦ ሆኖ ይዘረጋል። ቅርፊቱም ብዙውን ጊዜ በቀለሙና በአደራደሩ ከቀድሞው ይለያል። ጠላት እንደገና ቢይዛት በአዲሱ ክፍል ላይ መቁረጥ አትችልም። መቁረጫው የተሠራው በቀድሞዎቹ አጥንቶች ላይ ስለሆነ፣ ከፊተኛው ስብራት ወደ ገላዋ ቀረብ ካለ ቦታ መቁረጥ ይኖርባታል። እንግዲህ ማንም ጤነኛ ብሎ የሚያልፈው ጅራት እንኳ የቀድሞው ጅራት አይደለም፤ የቀድሞውን ሥራ የሚሠራ ምትክ ነው። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ተፈጥሮ ወይ ፍጹም አድርጋ ትመልሳለች ወይም ታበላሻለች ብለን ነገሩን በሁለት ከፍለን ገና ሳንጀምር እንጨርሰዋለን።

የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አሪስቶትል የእንሽላሊትና የእባብ ጅራት ቢቆረጥ መልሶ እንደሚበቅል ጽፎ ነበር። ስለ እንሽላሊት እውነት ነው፤ ስለ እባብ የተናገረው ግን ትክክል አይደለም። ሆኖም ነገሩ የፈላስፎችን እንቅልፍ መንሣት የጀመረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1740 አብርሃም ትራምብሌ የተባለ የጄኔቭ ተወላጅ በሆላንድ፣ በሄግ ከተማ አጠገብ፣ የአንድ መኮንን ልጆችን ያስተምር ነበር። ከቦይ ውኃ ውስጥ ያገኛት አረንጓዴ ጥቃቅን ነገር ተክል ትሁን እንስሳ መለየት አቃተው። ስለዚህ በመቀስ ለሁለት ቆረጣት። ተክል ከሆነች ቁራጮቹ ይኖራሉ፣ እንስሳ ከሆነች ግን ይሞታሉ ብሎ አስቦ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም ቁራጮች እየተንቀሳቀሱና ምግብ እየያዙ ሁለት ሙሉ እንስሶች ሆኑ። ዛሬ ሃይድራ እየተባለች የምትጠራው ይህች ናት። ትራምብሌ ጭንቅላቷን እየሰነጠቀ ሲተዋት እያንዳንዱ ስንጣቂ ራሱን የቻለ ጭንቅላት እየሆነ፣ ባለ ሰባት ጭንቅላት ሃይድራ ለማግኘት በቃ። ስሟም የመጣው በግሪኮች ተረት አንዱ ራሷ ሲቆረጥ ሌላ ከምታበቅለው እባብ ነው።

በዚህ ጊዜ በአውሮፓ ትልቅ ክርክር ተነሣ። ሕይወት ያላት ፍጥረት ለሁለት ተቆርጣ ሁለቱም ቁራጮች ከኖሩ፣ ነፍሷም አብራ ተቆረጠች ማለት ነውን? ፈረንሳዊው ሐኪም ላ ሜትሪ እ.ኤ.አ. በ1747 ባሳተመው መጽሐፉ ይህችን ትንሽ እንስሳ ጠቅሶ፣ ሥጋ ከራሱ ኃይል በቀር ሌላ አያሻውም እስከ ማለት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1768 ደግሞ ኢጣልያዊው ቄስና ተመራማሪ ስፓላንዛኒ ሳላማንደር እግሯን፣ ቀንድ አውጣ ደግሞ ጭንቅላቷን መልሰው እንደሚያበቅሉ ባስታወቀ ጊዜ፣ ዝነኛው ደራሲ ቮልቴር ሳይቀር ቀንድ አውጣዎችን እየሰበሰበ ጭንቅላታቸውን ይቆርጥ ጀመር። ስለ ሰው ልጅ መብት ብዙ የጻፈ እጅ በአትክልት ቦታው ተቀምጦ የቀንድ አውጣ አንገት ሲቆርጥ በሐሳባችን ስናየው ፈገግ ማለታችን አልቀረም። ለቀንድ አውጣዎቹ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ርእሳችን እንምጣ። በባሕር የሚኖሩት ሽሪምፕና ሎብስተር ዓይናቸው እንደ እኛ በጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ሳይሆን በአጭር ዘንግ ጫፍ ላይ የቆመ ነው። ከዓይኖቹ አጠገብ ደግሞ እንደ ቀጭን ጅራፍ ያሉ መዳሰሻዎች አሏቸው፤ በእነርሱ ይዳስሳሉ፣ ውኃውንም ያሸታሉ። እ.ኤ.አ. በ1864 ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ አልፎንስ ሚልን ኤድዋርድስ በዓይኗ ዘንግ ላይ መዳሰሻ የበቀለባት አንዲት ሎብስተር መገኘቷን ጻፈ። በዚያ ዘመን ይህ እንደ አንድ እንግዳ ነገር ታይቶ ታለፈ። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ በኢጣልያ፣ በኔፕልስ የባሕር እንስሳት ጣቢያ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ኩርት ኸርብስት ምክንያቱን ፈልጎ አገኘ።

ኸርብስት ያደረገው ቀላል ነገር ነው። በአንዳንዶቹ ሽሪምፖች ላይ የዘንጉን ጫፍ፣ ዓይኑን ብቻ ቆረጠ። በሌሎቹ ላይ ዓይኑን ከነዘንጉ ከሥሩ ነቀለ። በፊተኞቹ ላይ ዓይን መልሶ በቀለ። በኋለኞቹ ላይ ግን በዓይን ፈንታ መዳሰሻ መሰል አካል ወጣ። ልዩነቱ ምን ነበር? በዘንጉ ውስጥ የዓይኑ የነርቭ ቋጠሮ ይገኛል። ቋጠሮው በቦታው ካለ የሚበቅለው ሥጋ ዓይን ይሆናል። ቋጠሮው አብሮ ከተነቀለ ግን ሥጋው ማብቀሉን አይተውም፤ የሚያበቅለውን ነገር ግን ይለውጣል። የነርቭ ቋጠሯቸው በዘንጉ ውስጥ በማይገኝ የሸርጣን ዘመዶች ላይ ይህንኑ ሲሞክር፣ ዘንጉ ከሥሩ ቢነቀልም ዓይን መልሶ እንደሚበቅል ተመለከተ። ስለዚህ የጠፋው የማብቀል ኃይል አልነበረም። የጠፋው፣ በእኛ አነጋገር፣ «እዚህ ዓይን ነበረ» ብሎ የሚመሰክረው ነው።

ይህች ሽሪምፕ በጨለማ ጎኗ መዳሰሻ ይዛ ትዋኛለች። መዳሰሻው ደግሞ የሞተ ሥጋ ሆኖ የተንጠለጠለ አይደለም፤ በሎብስተሮች ላይ በኋላ ዘመን ሲመረመር ከነርቭ ጋር የተያያዘና ስሜት የሚያስተላልፍ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ምን እንበላት? ታውራለች፤ ነገር ግን ዕውር ብቻ ሆና አልቀረችም። የፈለገችውን አላገኘችም እንዳንልም፣ ሽሪምፕ ፈለገች ለማለት የሚያስደፍር ነገር የለንም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ስንወያይ ከመካከላችን ሁለት ወገን ሆነን ነበር። አንደኛው ወገን የአሪስቶትልን ሐሳብ ይደግፋል። አሪስቶትል ስለ ተፈጥሮ በጻፈው መጽሐፍ፣ እያንዳንዱ አካል ለአንድ ፍጻሜ የተሠራ ስለሆነ፣ ቅርጹን ስቶ የሚወለድ ፍጥረት ወደዚያ ፍጻሜ የተደረገ ጉዞ መክሸፉን ያሳያል ይላል። ጸሐፊ ፊደል እንደሚስት፣ ሐኪም መድኃኒት እንደሚስት፣ ተፈጥሮም ትስታለች ማለት ነው። ዓይን ለማየት ነው፤ በዓይን ቦታ የማያይ ነገር ከበቀለ ስሕተት ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ብለው እነዚህ ወገኖች በብርቱ ተከራከሩ።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ዣክ ሎብ የተባለውን ተመራማሪ ጠቀሰ። ሎብም በኔፕልስ ሠርቷል። ከባሕር ወለል ላይ እንደ አበባ ቆማ የምትኖር የሃይድራ ዘመድ ወስዶ ግንዷን ከላይም ከታችም ሲቆርጠው፣ ሥር መውጣት በነበረበት በታችኛው ጫፍም ጭንቅላት አበቀለች። ሎብ ይህን የመሰለውን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1891 ሄተሮሞርፎሲስ ብሎ ሰየመው፤ በቀጥታ ሲፈታ የሌላ ቅርጽ መያዝ ማለት ነው። በእርሱ አስተያየት እዚህ ውስጥ መሳሳት የሚባል ነገር የለም። ምክንያቱ እንዲህ ሲሆን ውጤቱ እንዲያ ነው፤ ቋጠሮው ካለ ዓይን፣ ከሌለ መዳሰሻ። ውኃ ሲሞቅ ይተናል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ በረዶውን «የተሳሳተ ውኃ» የሚለው ማን ነው? ስሕተት ያለው በተመልካቹ ግምት ውስጥ ብቻ ነው ይላሉ የዚህ ወገን ተከራካሪዎች።

ሁለተኛው ክርክር ብልኅ ነው፤ ለወጣት አእምሮም ደስ ይላል። ሆኖም ሙሉ በሙሉ አላረካንም። በረዶ ምንም አይጎድለውም፤ ሽሪምፗ ግን በዚያ ጎን የሚመጣውን ጠላት አታይም። ይህ ጉድለት በእኛ ግምት ውስጥ ሳይሆን በእርሷ ኑሮ ውስጥ ያለ ነው። የፊተኛው ክርክርም ቢሆን የሚያንስበት አለ። ፊደል የሳተ ጸሐፊ ሊጽፍ ያሰበውን ያውቅ ነበር። የሚያበቅለው ሥጋ ግን ምንም አላሰበም፤ የደረሰውን መልእክት ተከትሎ የሚችለውን ሠራ። ስለዚህ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል ብለን እናምናለን። አንዱ «ያልተለመደ» የሚለው ነው፤ ሌላው «የሚጎዳ» የሚለው ነው። ብዙዎቻችን ፊተኛውን ባየን ቁጥር ኋለኛውን እንናገራለን።

ሁለቱ ቃላት አንድ አለመሆናቸውን ከሁሉ ይበልጥ የምታሳየው በወንዝ ድንጋይ ሥር የምትኖረው ፕላናሪያ የተባለች ጠፍጣፋ ትል ናት። አሜሪካዊው ቶማስ ሃንት ሞርጋን፣ በኋላ በዘር ውርስ ጥናቱ የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ በወጣትነቱ እነዚህን ትሎች ብዙ ቆርጧል፤ እ.ኤ.አ. በ1901 ስለ መልሶ መብቀል ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። ከጭንቅላቷ ወዲያው በስተኋላ በጣም አጭር ቁራጭ ቢወሰድ፣ ቁራጩ በአንዱ ጫፍ ጭንቅላት፣ በሌላው ጫፍ ጅራት በማብቀል ፈንታ በሁለቱም ጫፍ ጭንቅላት ሊያበቅል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የተቆራረጡ ፕላናሪያዎች ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተልከው አምስት ሳምንት ቆይተው ነበር። ከተላኩት 15 ቁራጮች አንዱ ባለ ሁለት ጭንቅላት ሆኖ ተመለሰ። ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም ጭንቅላቶች ቆርጠው መካከለኛውን ገላ ሲተዉት እንደገና ሁለት ጭንቅላት አበቀለ። ያ ገላ «እኔ ባለ ሁለት ራስ ነኝ» ብሎ የተማረ ይመስላል። ይህች ትል ያልተለመደች መሆኗን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ትኖራለች፤ ስትቆረጥም የምትመልሰው እኛ ልክ ነው የምንለውን ቅርጽ ሳይሆን የራሷን ነው። ለእርሷ ልኩ የትኛው ነው?

ስለ መልእክቱ ትንሽ ማብራራት ይገባናል። ተቆርጦ የሚያበቅል ገላ «ምን ላብቅል» ከማለቱ በፊት «የት ነኝ» የሚለውን ማወቅ አለበት። አክሶሎትል የተባለችው የሜክሲኮ ሳላማንደር ከእጅ አንጓዋ ላይ ብትቆረጥ መዳፍና ጣት ብቻ ታበቅላለች እንጂ ክንድ አትጨምርም፤ የተቆረጠው ሥጋ የአንጓ ሥጋ መሆኑን ያውቃልና። እ.ኤ.አ. በ1982 እንግሊዛዊው ማልኮም ሜደን እንደዚህ የተቆረጡትን ከቫይታሚን ኤ በተገኘ ቅመም ሲያክማቸው፣ ከአንጓው ላይ ከትከሻ ጀምሮ ሙሉ ክንድ በቀለ፤ በክንድ ጫፍ ሌላ ክንድ ማለት ነው። በሕንድ አገር በኡትካል ዩኒቨርሲቲ የታየው ደግሞ ከዚህ የሚብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ፕሪያምባዳ ሞሃንቲ ሄጅማዲና ባልደረቦቻቸው ጅራታቸው የተቆረጠ የእንቁራሪት እጮችን በቫይታሚን ኤ ውስጥ አቆይተው፣ በጅራት ፈንታ እግሮች እንደ በቀሉላቸው አስታወቁ። እኚህ ሴት ሳይንቲስት ብቻ አልነበሩም፤ ኦዲሲ የተባለው የአገራቸው ጥንታዊ ውዝዋዜ የታወቁ ተወዛዋዥ ነበሩ። እጅና እግር የት መሆን እንዳለባቸው በሁለት ሙያ ያጠኑ ሰው ናቸው ብንል ቀልድ አይሆንብንም።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በቤተ ሙከራ ነው። ከቤተ ሙከራ ውጭ በሜዳ የደረሰ ነገር ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1995 በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ ተማሪዎች ከአስተማሪያቸው ጋር ወደ አንድ ኩሬ ሄደው ሳለ ከያዟቸው እንቁራሪቶች ብዙዎቹ እግራቸው የጎደለ ወይም የተጣመመ፣ አንዳንዶቹም ትርፍ እግር ያላቸው ሆነው አገኟቸው። ወሬው በመላ አገሩ ተሰማ። ምክንያቱ በየቦታው አንድ እንዳልሆነ በኋላ ታውቋል። ስለ ትርፍ እግር ግን ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1990 ስታንሊ ሴሽንስና ባልደረባው በማደግ ላይ ባለው የእጭ እግር ውስጥ ጥቃቅን ዶቃዎችን በማስገባት ብቻ ትርፍ እግር እንደሚበቅል አሳይተው ነበር። ሕዋሳቱ ከጎረቤቶቻቸው ሲለያዩና ሲዘባረቁ፣ በመካከላቸው የጎደለውን ለመሙላት ሲሉ ሌላ እግር ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፒተር ጆንሰንና ተባባሪዎቹ በተፈጥሮ የዶቃውን ሥራ የሚሠራው ሪቤይሮያ የተባለ ጥገኛ ትል መሆኑን በሙከራ አረጋገጡ።

የዚህ ትል አኗኗር ተንኮል የተሞላበት ይመስላል። በመጀመሪያ በቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል። ከዚያ ወጥቶ እግሯ በሚወጣበት ቦታ የእንቁራሪቷን እጭ ይበሳና ይገባል። በመጨረሻም እንቁራሪቷን የበላች፣ ከውኃ ዳር የምታድን ወፍ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይጎለምሳል። አራት የኋላ እግር የበቀለባት እንቁራሪት መዝለል ያቅታታል፤ ስለዚህም ለወፏ ቀላል ምግብ ትሆናለች፤ ትሉ የሚጠቀመውም በዚህ ነው ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ በእነዚህ እግሮች ላይ «የሚጎዳ» የሚለውን ቃል ያለ ፍርሃት እንናገራለን። ጉዳቱ ግን እግሮቹ አራት ከመሆናቸው የመጣ አይደለም፤ እንቁራሪቷን ከመሸሽ ስላገዷት ነው። ደግሞም የሰው እጅ የለበትም ብለን እንዳንገላገል፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ከእርሻ ታጥቦ ወደ ኩሬ የሚገባ ማዳበሪያ አልጌን እንደሚያበዛ፣ አልጌውም ቀንድ አውጣውን፣ ቀንድ አውጣውም ትሉን እንደሚያበዛ አሳይቷል። በኩሬው ዳር ቆሞ «የተፈጥሮ ጉድ» የሚለው ሰው፣ ምናልባት ጉዱ ከራሱ ማሳ ተነሥቶ የመጣ ሊሆን ይችላል።

በሰው ላይስ? እኛ እግር አናበቅልም። በልጅነት የጣት ጫፍ ቢቆረጥ ግን ቁስሉ ሳይሰፋ በንጽሕና ከተጠበቀ ጥፍሩን ጨምሮ መልሶ ሊበቅል እንደሚችል በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ የነበሩት የሕፃናት ሐኪም ሲንቲያ ኢሊንግዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1974 ጽፈዋል። የሳተ ማብቀልም አለን። በጦርነት ወይም በመኪና አደጋ እግሩ የተቆረጠ ሰው «የሌለው እግሬ ያመኛል» ሲል፣ ጕልማሳ ሰው እንዲህ ይላል ብለው የሚስቁ አሉ። ከሥቃዩ ምክንያቶች አንዱ ግን ይህ ነው። የተቆረጠ ነርቭ በቀን በግምት 1 ሚሊ ሜትር እየተራመደ መልሶ ለማደግ ይጥራል። ከፊቱ የቀድሞውን መንገድ ካገኘ ጡንቻውን ይደርሳል። መንገዱ ከጠፋ ግን ማደጉን ሳያቆም እዚያው በጉማጁ ውስጥ ተጠምጥሞ ቋጠሮ ይሆናል፤ ያም ቋጠሮ ሲነኩት እንደ እሳት ያቃጥላል። የዚያች የኔፕልስ ሽሪምፕ ታሪክ ይኸው ነው፤ ኃይሉ አለ፣ አድራሻው የለም። ሰውየው ግን የሚናገር አፍ አለው፤ ማመኑ ከእኛ ይጠበቃል።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ስድስት ጣት ይዞ የሚወለድ ሕፃን አለ። ይህ ከቁስል በኋላ የሚመጣ መልሶ መብቀል አይደለም፤ በማኅፀን ውስጥ፣ እጅ ሲሠራ የሚሆን ነገር ነው፤ ነገር ግን ስለ ቦታ የሚናገረው መልእክት በዚያም ሊለወጥ ይችላል። በየሰፈራችን እንዲህ ያለውን ልጅ አንዳንዱ የዕድል ምልክት ነው ይላል፤ አንዳንዱ የመዓት ምልክት ነው ይላል። አካሉ ከሌሎች የተለየ ልጅ ሲወለድም «እናቲቱ ምን አድርጋ ነው?» ብለው የሚያንሾካሹኩ ጎረቤቶች አሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ልጁን ወደ ጓዳ የሚያስገቡ ቤተሰቦችም አሉ። ቤተሰቡን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ጎረቤቱን ፈርተው ነውና። እኛ የምንጠይቀው ግን ይህ ነው። ትርፏ ጣት ያን ልጅ ከምን ታግደዋለች? ጽዋ ከመያዝ? እርሳስ ከመያዝ? ጎረቤቱ ግን ከሠርግ ቤት ያግደዋል። እንግዲህ ከሁለቱ የሚጎዳው የትኛው እንደ ሆነ አንባቢ ይመዝን።

ቀደም ብለን ስለ ቮልቴር ቀንድ አውጣዎች ወደ ኋላ እንመለሳለን ብለን ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው እውቀት ሁሉ ማለት ይቻላል የተገኘው እንስሳ በመቁረጥ ነው። ይህን ሸፍኖ ማለፍ ታማኝነት አይሆንም። ከመካከላችን አንዲት እኅት፣ ዓይኗ የተነቀለው ሽሪምፕ ያስተማረችን ነገር ዓይኗን አይመልስላትም ብላ ተናገረች፤ መልስ የሰጣት አልነበረም። ሌሎች ደግሞ በዚያ እውቀት ነገ እግር የሌለው ሰው ሊራመድ ይችላል አሉ። ይህ ተስፋ ባዶ አይደለም፤ ነገር ግን ዕዳ ያለበት ተስፋ መሆኑን ማወቅ ይገባናል ብለን ተስማማን። ሳያስፈልግ የሚቆረጥ፣ ሳይደነዝዝ የሚቆረጥ፣ የታወቀውን እንደገና ለማሳየት ብቻ የሚቆረጥ እንስሳ ዕዳውን ያበዛዋል እንጂ ተስፋውን አያቀርበውም።

ይህ ተስፋ የት እንደ ደረሰ የሚያሳይ አንድ ሥራ አለ። ባለ ጥፍሯ የአፍሪካ እንቁራሪት ካደገች በኋላ እግሯ ቢቆረጥ የምታበቅለው እግር ሳይሆን እንደ እሾህ የሾለ፣ አንጓና ጣት የሌለው ለስላሳ አጥንት ነው። ይህን እሾህ አይተን «ከሸፈ» ለማለት እንቸኩላለን፤ ሆኖም እጁ የተቆረጠበት ወንዱ በዚያ እሾህ ሴቷን አቅፎ መራባት እንደሚችል ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኋላ እግሯ በተቆረጠ እንቁራሪት ጉማጅ ላይ አምስት መድኃኒቶች የያዘ ቆብ መሰል ነገር ለ24 ሰዓት ብቻ አድርገው አነሡት። ከዚያ በኋላ ለ18 ወር ያህል ምንም ሳይጨምሩ ሲከታተሉ፣ ከእሾህ ይልቅ እግር የሚመስል አካል በቀለ፤ አጥንት፣ ሥጋና ነርቭም አለው። በጫፉ ላይ ጣት የሚመስሉ ነገሮች ወጡ፤ በውስጣቸው ግን አጥንት አልነበረም። እንቁራሪቷ ይህን እግር ሲነኩት ታውቃለች፤ ስትዋኝም ትገፋበታለች።